ወጥመድ ከመግዛታችሁ በፊት የአይጧን መንገድ ፈልጉ

የመጀመሪያ ወጥመዴን የገዛሁት ከአንዲት አይጥ ጋር ሁለት ሳምንት እልህ ከተጋባሁ በኋላ ነው። ማታ ማታ ከምድጃው ኋላ ትንኮሻኮሻለች። መብራት ሳበራ ጭጭ። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ከሰፈር ሱቅ የእንጨት ወጥመድ ገዛሁ። ደህና ቁራሽ ዳቦ ሰካሁበትና ማድቤቱ መሃል አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት ዳቦው የለም። ወጥመዱ ግን እንደተወጠረ ነው። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሌሊት ቀለብኳት።

ጥፋቱ የወጥመዱ አልነበረም። ቦታው ስህተት ነበር፤ የዳቦው መጠን ስህተት ነበር፤ አንድ ወጥመድ ብቻ መግዛቴም ስህተት ነበር። ከዚያ ወዲህ በራሴም ቤት፣ በዘመድም ቤት፣ ገጠር ጎተራ ሥርም ብዙ አጥምጃለሁ። አሁን ሰው «አይጥ አስቸገረኝ፣ የትኛውን ወጥመድ ልግዛ?» ሲለኝ መልሼ እጠይቀዋለሁ። «በየት በኩል ነው የምትሄደው?» እላለሁ። ይህን ካላወቃችሁ ውዱም ርካሹም ወጥመድ ያው ነው።

መጀመሪያ፦ ማን እንደመጣ እወቁ

ቤታችን የሚገቡት በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛዋ ትንሿ የቤት አይጥ ናት። ክብደቷ 20 ግራም ገደማ ነው፤ መሳቢያ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ኋላ፣ የልብስ ክምር ውስጥ ትኖራለች። ሁለተኛዋ ትልቋ ናት። ጅራቷ ከሰውነቷ ይረዝማል፤ መውጣትና መንጠላጠል ትችልበታለች፤ ኮርኒስና ጣሪያ ትወዳለች። ሌሊት ከራሳችሁ በላይ የሩጫ ውድድር የሚመስል ድምፅ ከሰማችሁ እሷ ናት።

በኩሳቸውም ይለያሉ። የትንሿ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። የትልቋ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ጫፍና ጫፉ ሾል ያለ ነው። ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ትኩስ ነው። ግራጫ ሆኖ ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ደግሞ የቆየ ነው፤ ምናልባትም ባለቤቷ ከሄደች ከርማለች። ይህን ስታዩ ግን በባዶ እጅ አትንኩ።

ልዩነቱን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ጠባያቸው የተለያየ ስለሆነ ነው። ትንሿ ነገር መመርመር ትወዳለች። አዲስ ዕቃ ካየች ያንኑ ሌሊት ሄዳ ታሸታዋለች። ትልቋ ተጠራጣሪ ናት። ትናንት ያልነበረ ዕቃ ዛሬ መንገዷ ላይ ካየች ለቀናት ዞር ብላ ታልፈዋለች። ስለዚህ ለትንሿ ወጥመድ ዛሬ ገዝታችሁ ዛሬ መወጠር ትችላላችሁ። ለትልቋ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መንገዷን በአመድ ማግኘት

አይጥ ዓይኗ ደካማ ነው። ኑሮዋን የምትገፋው በጢሟና በአፍንጫዋ ነው። ግድግዳውን በጢሟ እየዳሰሰች፣ ጥጉን ይዛ ትሄዳለች። ሜዳ መሃል መታየት አትወድም። ደግሞም አንዴ የለመደችውን መንገድ በየሌሊቱ ትመላለስበታለች። ከብዙ ምልልስ የተነሳ የሰውነቷ ቅባት ግድግዳው ላይ፣ የቱቦ ጠርዝ ላይ፣ የኮርኒሱ ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁር እድፍ ይተዋል። በእጅ ባትሪ ከጎን ስታበሩበት ይታያል።

እድፉ ካልታያችሁ አመድ ተጠቀሙ። ብዙ ሰው ዱቄት ይላል፤ እኔ አልስማማም፤ ዱቄት ራሱ ምግብ ነው። ቡና በሚፈላበት ቤት የከሰል አመድ አይጠፋም። በወንፊት ንፉትና ማታ ከመተኛታችሁ በፊት በተጠረጠሩት ጥጎች ስስ አድርጋችሁ ነስንሱ፦ ከምድጃው ኋላ፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከእህል ጆንያው ዙሪያ፣ በበሩ ሥር። ጠዋት የእግር ዱካና መሃል ለመሃል የተጎተተ የጅራት መስመር ታያላችሁ። ዱካ ያለበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሁለት ሌሊት ደግሙት። የቤታችሁ የአይጥ ካርታ ይኸው ወጣ።

ሩቅ አትፈልጉ። ትንሿ አይጥ ከጎጆዋ ብዙ ጊዜ ከ10 ሜትር በላይ አትርቅም። ማድቤት ውስጥ ካያችኋት ጎጆዋ እዚያው ማድቤት ውስጥ ወይም ከጀርባው ነው።

ሌላውን ምግብ ዝጉ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ነው፤ ሰውም ይዘለዋል። ጤፉ በጆንያ ክፍት ተቀምጦ፣ ሽሮው በፌስታል ተንጠልጥሎ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ መሬት ላይ ተበትኖ እያለ የእናንተን ትንሽ ማባበያ የምታየው ለምንድን ነው? የጠገበች አይጥ አትጠመድም። ዱቄትና ጥራጥሬ ክዳኑ በሚገጥም የቆርቆሮ ወይም ወፍራም የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይግባ። ጆንያ ከመሬት ይነሳ፤ ከግድግዳም ትንሽ ፈቀቅ ይበል። የውሻና የድመት ምግብ ማታ ማታ ይነሳ። ቆሻሻ ሌሊት ቤት ውስጥ አይደር።

ቀዳዳ መድፈኑን ግን ገና አትጀምሩ። ውስጥ ያሉት ሳይያዙ ከደፈናችሁ ወይ ሌላ ቀዳዳ ይፈለፍላሉ፣ ወይ ግድግዳ ውስጥ ሞተው ቤቱን ያገሙታል።

የትኛውን ወጥመድ?

ባለ ሞላው የእንጨት ወጥመድ አሁንም አንደኛ ነው። ዊልያም ሁከር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1894 የፈጠራ መብት አወጣበት፤ ቅርጹ እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ርካሽ ነው፤ በትክክል ከተቀመጠ ወዲያው ይገድላል። ሁለት መጠን አለው። የትንሿ ወጥመድ ትልቋን አይገድላትም፤ አቁስሎ ይለቃታል። የቆሰለች አይጥ ደግሞ ሁለተኛ ወጥመድ አጠገብ አትደርስም። የትልቋም ወጥመድ ለትንሿ አይሆንም፤ ክብደቷ አያስነሳውም። ሲገዙ ሞላውን ሞክሩት። ሲለቀቅ ድምፁ «ጧ» ማለት አለበት። ልፍስፍስ ካለ ለሱቁ መልሱት።

የሽቦ ሳጥኑ በሕይወት ይይዛል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ጥሩ ነው፤ ጣት አይቆርጥም። ችግሩ የሚመጣው ጠዋት ነው። አይጧ ሳጥን ውስጥ ሆና ታያችኋለች። አሁን ምን ልታደርጉ ነው? ቅርብ ከለቀቃችኋት ትመለሳለች። ሩቅ ከለቀቃችኋት ለሌላ ሰው ጓዳ ላካችኋት ማለት ነው። መግደል የማይሆንላችሁ ከሆነ ይህን ወጥመድ አትግዙ፤ ከገዛችሁም ውኃና ምግብ በሌለበት ሳጥን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አታቆዩዋት።

ሙጫውን እኔ አልመክርም። አይጧ ተጣብቃ ለሰዓታት ትጮኻለች፤ ቆዳዋ ይላጣል፤ እየሞተች ሽንቷንና ኩሷን ትለቃለች። አንዴ አይቼ በቃኝ። እንግሊዝ ውስጥ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ካልሆነ በቀር መጠቀም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ወንጀል ሆኗል፤ ዌልስማ ከዚያ ቀድማ ጨርሳ ከልክላዋለች። እኛ ጋ ሙጫው ላይ የወፍ ጫጩትና እንሽላሊት ሲያልቁ ማየት የተለመደ ነው።

ትንንሾቹ በብዛት ለወረሩት የእህል ቤት ባልዲ አለ። ግድግዳው ለስላሳ የሆነ፣ ጥልቀቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር የማያንስ ባልዲ አምጡ። ባዶ የቆርቆሮ ጣሳ ከጫፍ እስከ ጫፍ በሽቦ ቀዳዳችሁ ባልዲው አፍ ላይ አጋድሙ፤ ጣሳው እንደ ልብ መሽከርከር አለበት። ጣሳው መሃል ላይ የለውዝ ቅቤ ቀቡ። ከመሬት እስከ ባልዲው አፍ መወጣጫ እንጨት አስደግፉ። ወደ ጣሳው ስትሻገር ይሽከረከርና ትወድቃለች። በአንድ ሌሊት ብዙ ሊይዝ ይችላል። ለትልቋ ግን አይሆንም፤ ዘላ ትወጣለች።

አወጣጠሩ

አሁን ወደ ዋናው ሥራ።

ብዛት። አንድ ወጥመድ ገዝታችሁ አትምጡ። ለአንድ ማድቤት ቢያንስ ስድስት ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሌሊቶች ዋናዎቹ ናቸው። ያኔ በብዛት ካልያዛችሁ የቀሩት ይነቃሉ፤ ይራባሉም። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው፤ የተወለዱትም በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ይወልዳሉ። በሳምንት አንዷን እየያዛችሁ አትቀድሟቸውም።

ማባበያ። አይብ የካርቱን ወሬ ነው። እኔ የለውዝ ቅቤ እመርጣለሁ፤ ስለሚጣበቅ መንትፋ መሄድ አትችልም፤ እየላሰች መቆየት አለባት። ከሌለ ለውዝ ወይም የተቆላ ሱፍ ውቀጡና በዘይት ለውሱ። ለትልቋ ትንሽ ቁራጭ ቋንጣ በክር አስራችሁ ከወጥመዱ ሳህን ጋር ቋጥሩ። መጠኑ የምስር ፍሬ ያክል ይበቃል። የእኔ ቁራሽ ዳቦ ያጠፋው ይህንን ነው፤ ጠርዙን ቆርሳ ሄደች እንጂ ሳህኑን አልነካችውም። ምግብ በሞላበት ቤት ደግሞ የጥጥ ፈትል ሞክሩ። ለጎጆዋ ስለምትፈልገው ትስበዋለች።

እጅ። ጓንት አድርጉ። አንዳንዱ የሰው ሽታ ስለሚያባርራት ነው ይላል። ከእኛ ጋር የምትኖር እንስሳ ሽታችንን ለምዳዋለች ባይ ነኝ። ጓንቱ የሚጠቅመው ለእናንተ ነው።

ለትልቋ ልምምድ። ወጥመዶቹን ማባበያ አድርጋችሁ፣ ግን ሳትወጥሩ፣ መንገዷ ላይ አስቀምጡ። ለሦስት ለአራት ቀን ትብላ። ማባበያው ሲያልቅ ተኩ። ሁሉም ወጥመድ ላይ እየተበላ መሆኑን ስታዩ በአንድ ሌሊት ሁሉንም ወጥሩ። ሰው እዚህ ላይ ትዕግሥት ያጣል። ያቺን አራት ቀን የታገሠ ግን በአንድ ሌሊት ይገላገላል።

አቀማመጥ። አመዱ ያሳያችሁን መስመር አስታውሱ። ወጥመዱን ከግድግዳው ጋር መስቀለኛ አድርጉት፤ ማባበያ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ። ግድግዳውን ይዛ ስትመጣ ከየትኛውም አቅጣጫ በቀጥታ ሳህኑ ላይ ትወጣለች። ሁለት ወጥመድ ጎን ለጎን ማድረግም ጥሩ ነው፤ አንዱን ብትዘል ሁለተኛው ላይ ታርፋለች። ለትንሿ በየ2 ወይም 3 ሜትሩ፣ ለትልቋ በየ5 ሜትሩ ገደማ አስቀምጡ። ኮርኒስ ላይ ከሆነ ወጥመዱን በሚስማር ወይም በሽቦ ከተሸካሚው እንጨት ጋር እሰሩት። ካልታሰረ ቆስላ ይዛው ትሄድና ሽታውን ለመፈለግ ኮርኒስ ታፈርሳላችሁ።

ልጅ ወይም ድመት ካለ። ወጥመዱን በካርቶን ሳጥን ውስጥ አድርጉና ሳጥኑን ግድግዳው ጥግ አስጠጉት። በግራና በቀኝ ግድግዳው ሥር የአይጥ መግቢያ ያህል ቅደዱ። የድመት እግር የማይገባበት፣ የልጅ እጅ የማይደርስበት ይሁን። አይጥ ጨለማ ስለምትወድ እንዲያውም ይበልጥ ትገባበታለች።

ጠዋት

በየጠዋቱ እዩ። የተያዘች አይጥ ሁለተኛ ቀን ማደር የለባትም፤ ከሽታው ባሻገር ቁንጫዋ ሞቃት አካል ፍለጋ ይወጣል። ቁንጫ ደግሞ ታይፈስ ያስተላልፋል። በሽንቷ የሚተላለፍ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታም አለ፤ በቁስልና በዓይን ይገባል።

በረኪና በውኃ በጥብጡ፦ አንድ እጅ በረኪና፣ ዘጠኝ እጅ ውኃ። አይጧንም፣ ወጥመዱንም፣ ዙሪያውንም እስኪረጥብ እርጩ። አምስት ደቂቃ ቆዩ። ከዚያ በጓንት አንስታችሁ ፌስታል ውስጥ፣ እሱን ደግሞ ሌላ ፌስታል ውስጥ አስራችሁ ጣሉ፤ ቦታ ካላችሁ ቅበሩ። ኩሷን ደረቁን በመጥረጊያ አትጥረጉ። አቧራው ተነስቶ ወደ ሳንባ ይገባል። አርጥባችሁ በጨርቅ አንሱት። መስኮት ይከፈት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ።

ወጥመዱ እንደገና ይሠራል። የሌላ አይጥ ሽታ አለበት ብሎ መጣል አያስፈልግም፤ በረኪናው ከደረቀ መልሳችሁ ወጥሩት።

አሁን ቀዳዳውን

ሁለት ሦስት ቀን ሳይያዝ ሲያልፍ መድፈን ጀምሩ። እርሳስ የሚያስገባ ቀዳዳ ትንሿን ያስገባል፤ 6 ሚሊ ሜትር ይበቃታል። ለትልቋ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ በቂ ነው። የውኃ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበት ቦታ ዋናው መግቢያ ነው፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥማ ከጎረቤት ጎረቤት የሚሄዱት በዚያ ነው። ጭቃ ብቻውን፣ ስፖንጅም፣ ጨርቅም አይረባም። የፊት ጥርሷ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል፤ መቆርጠም ሥራዋ ነው። ድስት የምንፈትግበትን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ ጠቅጥቁ፣ ከላዩ ሲሚንቶ ለጥፉ። በበሩ ሥር ቆርቆሮ ምቱ።

ጎተራ ላላቸው

ከተማ ውስጥ ኪሳራው አንድ ኪሎ ሽሮ ነው። ገጠር የዓመት ቀለብ ነው። እህሉ ሲሰበሰብ ማሳ ላይ ስትበላ የኖረችው አይጥ ተከትላ ወደ ቤት ትገባለች፤ ስለዚህ ወጥመድ የሚዘረጋው እህሉ ከመግባቱ በፊት፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ ሳለ ነው። ባዶ ጎተራ ውስጥ ያለ ማባበያ ተፎካካሪ የለውም።

ጎተራው በእግር የቆመ ይሁን፤ ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ከፍ ቢል ጥሩ ነው። በየእግሩ ላይ ቆርቆሮ እንደ ተገለበጠ ቀፎ፣ አፉ ወደ ታች ሆኖ ይታሰር። እግሩን ይዛ ስትወጣ ቆርቆሮው ሥር ገብታ መላ ታጣለች። ይህ የሚሠራው ግን ጎተራው ግድግዳ ወይም ዛፍ ካልተደገፈ ነው። መሰላል ተደግፎ ካደረ ልፋቱ ገደል ገባ። ደግሞም ብዙ ገበሬ ዛሬ ሦስት ድርብ የሆነውን ፒክስ ከረጢት ይጠቀማል። ለነቀዝ ድንቅ ነው። አይጥን ግን አያቆምም። እሷ ከቀደደችው አየር ይገባና ለነቀዙም አይሠራም። ከረጢቱ ባለበት ቤት ወጥመድ የግድ ነው።

መርዙስ?

ይህን ሁሉ ጣጣ ትቶ መርዝ መበተን ይቀላል። ግን ደም የሚያቀጥነው መርዝ ወዲያው አይገድልም፤ አይጧ ቀናት ቆይታ፣ የት እንደምትሞት ሳታውቁ ትሞታለች። ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ውስጥ። ተልፈስፍሳ የምትሄደውን አይጥ ድመት ይበላታል፣ ጉጉትም ይወስዳታል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። ነገ አይጥ የሚይዝላችሁን ዛሬ ገደላችሁት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠውን ክኒን አይጥ ጉድጓድ ውስጥ የሚከት ሰው አለ። ቤት ውስጥ በፍጹም አታድርጉት። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ መኝታ ቤት ይገባል፤ ሰው ይገድላል።

ጓሮ ውስጥ ፍልፈል ካለ

ድንችና እንሰት ያለበት አገር ሰው ፍልፈልን ያውቃታል። ከሥር ትበላለች፤ ተክሉ ሲጠወልግ ነው የምታውቁት። ደስ የሚለው ነገር ብቸኛ ናት፤ በአንድ የዋሻ መስመር አንዷ ብቻ ትኖራለች። አንዷን ከያዛችሁ ያ መስመር ለጊዜው ባዶ ነው።

እርጥብ፣ ትኩስ የአፈር ክምር ፈልጉ። ደረቁን ተዉት። ክምሩን ገፍታችሁ ቆፍሩና ዋሻውን ክፈቱት። ፍልፈል ንፋስና ብርሃን አትችልም፤ ቀዳዳውን ለመድፈን አፈር እየገፋች ትመጣለች። ገበሬው የሚጠቀመው ይህንን ጠባይዋን ነው። ዋሻው አፍ ውስጥ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ሸምቀቆ ይቀመጣል። የሸምቀቆው ገመድ መሬት ላይ ከተተከለ ለምለም እንጨት ጫፍ ጋር ይታሰራል፤ እንጨቱ ጎብጦ በሌላ ቀጭን ክር ይያዛል። ያ ክር ዋሻውን አቋርጦ ያልፋል። አፈሩን ስትገፋ ክሩ ይከለክላታል፣ በጥርሷ ትቆርጠዋለች። እንጨቱ ይፈናጠራል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን የትኛውም የሱቅ ወጥመድ ይህን ያህል ብልህ እንዳልሆነ ነበር ያሰብኩት።

ይህ ለእርሻ ነው። ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ መንዝ ጓሳ በመሳሰሉት ደጋ ጥብቅ ቦታዎች ግን ፍልፈልና አይጥ የቀይ ቀበሮ ቀለብ ናቸው። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከእኛ አገር ሌላ የትም የለም፤ የቀሩት አዋቂዎችም ከ500 ገደማ አይበልጡም። እዚያ አካባቢ ወጥመድም መርዝም አይታሰብም።

ከአይጥ ያለፈ እንስሳ ሲመጣ

ዶሮ የሚሰርቅ ሸለምጥማጥ፣ በቆሎ የሚጨርስ ጃርት፣ አንዳንዴም ጥርኝ። እዚህ ላይ ነገሩ ይለወጣል። እነዚህ የዱር እንስሳት ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን አይቻልም። «ንብረቴን አጠፋብኝ» ማለት ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ቀበሌውን፣ የግብርና ባለሙያውን አናግሩ።

ለጃርት የተዘረጋ የሽቦ ሸምቀቆ ጃርት አይመርጥም። የጎረቤት ውሻም፣ ድኩላም፣ ነብርም ይይዛል። ለሸለምጥማጥ መፍትሔው ዶሮ ቤቱ ነው፦ ጠንካራ ወንፊት ሽቦ፣ ከግድግዳው ሥር መሬት ውስጥ 30 ሴንቲ ሜትር የተቀበረ፣ ማታ የሚቆለፍ በር። ጥርኝ በአገራችን ለዝባዱ ከጥንት ጀምሮ ይያዛል፤ ጅማና ኢሉባቦር አካባቢ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ የወረደ ነው። ያም ቢሆን ፈቃድ ይፈልጋል። ቆዳና ጥፍር መሸጥማ አይታሰብ፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድን የሚቆጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል ናት፤ የነብር ቆዳ ይዞ ኤርፖርት መገኘት ከባድ ጣጣ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ወገኖች

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ቤት የገዛ አንድ ወዳጄ ጣሪያው ውስጥ ራኩን የሚባል የዱር እንስሳ ገባበት። እንደ አገር ቤት አስቦ የሽቦ ሳጥን ገዛ፤ ይዞ መናፈሻ ሊለቀው ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ የተያዘን የዱር እንስሳ ወስዶ ሌላ ቦታ መልቀቅ ሕገ ወጥ ነው። ምክንያታቸው በሽታ ነው፤ ራኩን የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛል። ወጥመድም ከተቀመጠ በየቀኑ መታየት አለበት። ኮሎራዶ ያላችሁ ደግሞ፣ እዚያ እግር የሚነክሰው የብረት ወጥመድና የሽቦ ሸምቀቆ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕዝብ ድምፅ ተከልክሏል። የቤት አይጥ ግን ከክልከላው ውጪ ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ እግር የሚነክሰው ወጥመድ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ክልክል ነው። በየግዛቱ ሕጉ ስለሚለያይ ራኩንና ስኩዊረል ከሆነ መጀመሪያ ለግዛቱ የዱር እንስሳት ቢሮ ደውሉ። ስልክ መደወል ከቅጣቱ ይረክሳል።

ከተያዙ በኋላ

የመጨረሻዋ ከተያዘች በኋላ ለሁለት ሳምንት አመዱን በየሦስት ቀኑ ነስንሱ። ዱካ ከሌለ ወጥመዶቹን አጥባችሁ አስቀምጡ፤ ሁለቱን ግን ከምድጃው ኋላና ከእህሉ አጠገብ እንደተወጠሩ ተዉ። የለውዝ ቅቤው ስለሚደርቅ በወር አንዴ ቀይሩት። የእኔ የምድጃ ኋላ ወጥመድ ስምንት ወር ምንም አልያዘም ነበር። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሌሊት «ጧ» አለ።